ቤታቸውን በጎማ ላይ ያቆሙት ጋሽ ሙሄ

ጋሽ ሙሄ ይመር አርፈዋል። የመርሳ ሰው ወሬ ስለማያሳድር አብዛኞቻችሁ ከእኔ ቀድማችሁ ሰምታችኋል። ይህን የምጽፈው ላልሰማችሁት ነው፤ ከውጫሌ እስከ ቆቦ ባለው መንገድ ላይ ያንን መጋረጃ ያለው አረንጓዴ አውቶቡስ ስታዩ እጃችሁን ታነሱ ለነበራችሁት ሁሉ። ባለፈው ሐሙስ ውርጌሳ አጠገብ ቤታቸውን ከዛፍ ጥላ ሥር አቁመው፣ የአሱርን ሶላት ሰግደው፣ «እስቲ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» ብለው ጋደም አሉ። በዚያው አልተነሡም። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ አጠገባቸው ነበሩ። የደወሉልኝም እሳቸው ናቸው። «ጌታቸው፣ ሙሄ ጥሎኝ ሄደ። ሰው ይዘህ ና» አሉኝ።

እኔ የመርሳ አናጢ ነኝ። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ በተባለ ጊዜ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ተደራጅቼ፣ እነሱ አንድ በአንድ ሲበተኑ ከነመጋዜ የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለ ጋሽ ሙሄ መጻፍ ያለበት የተማረ ሰው ነው ያሉ አልጠፉም። ይበሉ። የተማረው ሰው በዚያ ቤት ላይ አንዲት ሚስማር አልመታም፤ እኔ መትቻለሁ። አንዳንዱን ደግሞ መምታት ያልነበረብኝን መትቻለሁ፤ ስጽፍ እደርስበታለሁ።

ጋሽ ሙሄ ሠላሳ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ከአዲስ አበባ መቀሌ ያለውን መንገድ እንደ ግቢያቸው ያውቁታል። መንግሥት ሲለወጥ፣ መንገዱ ሲፈርስና እንደገና ሲሠራ፣ እሳቸው መሪያቸውን እንደያዙ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዓመት እትዬ ዘሃራ መርሳ ቤታቸው ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። እትዬ ዘሃራ የባላቸውን አውቶቡስ «ጣውንቴ» ይሏት ነበር። ጋሽ ሙሄ በሳምንት አንድ ሌሊት ቤታቸው አድረው ሲወጡ፣ «ሂድ እንግዲህ፣ ጣውንቴ ጡሩምባዋን ሳትነፋ» እያሉ ይሸኟቸዋል። ይስቁበታል፤ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ጋሽ ሙሄ፣ ጡረታ የወጡ ዕለት ዳግመኛ ጥለዋቸው መንገድ እንደማይወጡ በአላህ ስም ማሉላቸው።

መሐላው ከባድ ነበር። ጋሽ ሙሄ ጡረታ በወጡ በሁለት ወር ውስጥ ከሱ፤ ልብሳቸው ሰፋቸው። በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በሞተሩ ድምፅ ይለያሉ። ምግቡ አይበላላቸው፣ እንቅልፉ አይመጣላቸው። አንድ ቀን እንደምን አደሩ ስላቸው፣ «ጌታቸው፣ ይኼ ወንበር መሪ የለውም እኮ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መንገድ እንዳይወጡ መሐላ ይዟቸዋል፤ ቤት እንዳይቀመጡ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የለመደው ገላቸው እምቢ ብሏል። እንዲያ እንዳሉ ቢከርሙ ኖሮ እኔ ይህን ጽሑፍ ቀደም ብዬ በጻፍኩት ነበር።

መላውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ሥራ ቦታዬ መጡና፣

«ጌታቸው፣ ቤት ትሠራልኛለህ?» አሉኝ።

«ምን ገዶኝ ጋሽ ሙሄ። ቦታው የት ነው?»

«ውጭ ቆሟል።»

ወጥቼ ሳይ በጨረታ የተሸጠ አሮጌ አውቶቡስ ነው። ጎኑ ተልጧል፣ መስታወቱ ግማሹ የለም፤ ሞተሩን ግን አስነስተው አሰሙኝ፣ እንደ ድመት ያንኮራፋል። የድሮዋ አውቶቡሳቸው ናት ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ወላሂ እሷንማ አላደርገውም። ዘሃራ ጣውንቷ ቤት ግቢ ብትባል ትገባለች?» አሉ። ሐሳባቸው ይህ ነበር፤ ሚስታቸውን ጥለው አይወጡም፣ ቤታቸውን ከነሚስታቸው ይዘው ይወጣሉ እንጂ።

ችግሩ ባለቤታቸው ነበሩ። እትዬ ዘሃራ ወሬው እንደደረሳቸው ወዲያው ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ሲቆጡ ባላቸውን «አንቱ» እንደሚሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አንቱ ሙሄ፣ ሠላሳ ዓመት የመንገድ ሰው ጠብቄ፣ አሁን ደግሞ እኔው መንገደኛ ልሁንልዎ? ቤት ማለት ጎረቤት ነው። ብታመም ማን ይጠይቀኛል? እሳት ቢጠፋብኝ ከማን እጭራለሁ? ከኪሎ ሜትሩ ድንጋይ?»

ጋሽ ሙሄ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና፣ «አንድ ጊዜ ብቻ እይው ዘሃራ» አሉ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፤ ቤቱ ሲያልቅ እትዬ ዘሃራ እስከ ወልድያ ሄደው ያዩታል። ካልሆነላቸው አውቶቡሱ ይሸጣል፣ ነገሩም ዳግመኛ በቤታቸው አይነሣም። ጋሽ ሙሄ ለዚህም ማሉ። እኔ ምስክር ነበርኩ፤ ያ መንገድ ካልተሳካ ሰውዬው ከዚያ መሪ ከሌለው ወንበር እንደማይነሡ ገብቶኛል።

ሦስት ወር ሠራን። መቀመጫዎቹን ነቅለን ስናወጣ ጋሽ ሙሄ አንዱንም አልሸጡም። ግማሹን ለዕድራችን፣ ግማሹን ለቁርኣን ቤቱ ሰጡ። የመርሳ ሐዘንተኛ ዛሬም የሚቀመጠው በአውቶቡስ ወንበር ነው፤ የእሳቸው ለቅሶ ላይም በዚያው ተቀመጥን። ከኋላ በኩል የዋንዛ አልጋ ሠራሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ማብሰያ አደረግሁ። በግራና በቀኝ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ላስረዝም ስል ጋሽ ሙሄ ከለከሉኝ። እዚያ መደብ ይሠራ አሉ። «ለሁለት ሰው ይህ ሁሉ መደብ ምን ያደርጋል?» ብላቸው፣ «እንግዳ የማይቀመጥበት ቤት እሱ ራሱ ሣጥን ነው» አሉኝ። በየቀኑ ሥራ ስንጨርስ አውቶቡሱን እስከ ድልድዩ ነድተው ይመልሱታል። እኔን ከኋላ ያስቀምጡኝና፣ «ዝም ብለህ የሠራኸውን ስማው» ይሉኛል። የላላች ሚስማር ብትኖር በዚያች መንገድ ትናገራለች። ዕቃ ሠርቶ ማስረከብ እንጂ መስማት የሚባል ነገር እንዳለ ያስተማረኝ ሰው እሳቸው ናቸው።

ሥራው ሊያልቅ ሲል እትዬ ዘሃራ ሊያዩ መጡ። አልጋውን ዳሰሱ፣ መደቡን ዳሰሱ፣ መሐል ቆመው ወደ ላይ አዩ።

«ምሰሶውስ የታል?»

በእኛ በኩል ቤት ሲሠራ ቀድሞ የሚቆመው ምሰሶው ነው፤ ሽማግሌ የሚመርቀውም እሱን ይዞ ነው። ምሰሶ በሌለው ቤት ውስጥ ሙሽራ አይገባም። እትዬ ዘሃራም ምሰሶ ካልቆመ እስከ ወልድያም ቢሆን አልሳፈርም አሉ። ስለዚህ ከወንድማቸው ማሳ ላይ ቀጥ ያለ ጥድ ተቆርጦ መጣ። ጋሽ ሙሄ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። «መኪና ሲሄድ ወገቡን ያወዛውዛል። ከምሰሶው አናት ላይ ክፍተት ተውለት፣ አታስጨንቀው» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። እሺታዬ ግን ከአንገት በላይ ነበር። በዕድሜዬ የሚነቃነቅ ምሰሶ አቁሜ አላውቅም፤ በሙያዬ ላይ የተሰነዘረ ስድብ መሰለኝ። ዓርብ ዕለት እሳቸው ለጁምዓ ሲሄዱ መዶሻዬን አነሣሁና ከአናቱ ላይ የእንጨት ሽብልቅ መትቼ ከጣሪያው ጋር አጣበቅሁት። በማግሥቱ ጠዋት ጉዞ ስለነበር በዚያ ቀን እንደ ወትሮው ነድተው አልሰሙትም። ሽማግሌዎቹም መጡ፤ ሼኹም ቄሱም ምሰሶውን ይዘው መረቁ። አንዱ ሽማግሌ ገፋ ቢያደርገው ንቅንቅ አላለም። «ይኼስ ቤት ነው!» አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ደረቴ የተነፋው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሦስታችን ተነሣን። ክረምት ነበር። እትዬ ዘሃራ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጓዛቸውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ናቸው፤ እንደ ተሳፋሪ። ቦታ አለ፣ ያስቀምጡት ብላቸው፣ «ግዴለም፣ ቶሎ መውረዴ ነው» አሉኝ። መንገዱ በዚያን ጊዜ ይጠገን ስለነበር በጎን በወጣው ኮረኮንች ላይ ነበር የምንሄደው። ሲሪንቃ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከበላያችን ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔ ወዲያው ነው ያወቅሁት። ምሰሶው የጣሪያውን ላሜራ ከመጋጠሚያው ላይ ገንጥሎታል። ወዲያው ደግሞ ዝናቡ መጣ። ዝናብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በዚያ ቀዳዳ በኩል የሚወርደው ውሃ ቀጥ ብሎ እትዬ ዘሃራ ላይ ነው።

«አንቱ ሙሄ፣ ያቁሙት! ያዙሩና ቤቴ ይመልሱኝ!»

ጋሽ ሙሄ አቁመው ከጋቢናው መጡ። ወደ ላይ አዩ። እጃቸውን ሰድደው የምሰሶውን አናት ዳሰሱ፣ ሽብልቁን በጣታቸው አገኙት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ዘሃራ። ጉድጓድ ላይ ሮጥኩባት» አሉ።

ሠላሳ ዓመት ስማቸው ባልተነሣበት ሙያ፣ የቀረው ዕድሜያቸው በዚያች ጉዞ ላይ በተንጠለጠለበት ሰዓት፣ ያውም በሚስታቸው ፊት እንዲህ አሉ። እኔ ደግሞ የኔ ነው ማለት አቃተኝ። አሁንም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

እትዬ ዘሃራ ባላቸውን አተኩረው አዩ። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ከመንገዱ ማዶ ቤት ያላቸው አንዲት ሴት ጆንያ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ኧረ ሰዎች፣ ምን ገጠማችሁ?» እያሉ መጡ። ጣሪያውን ሲያዩ ተመልሰው ሮጡና ሁለት ጎልማሶች ሸራ አስይዘው ደረሱ። ጋሽ ሙሄና ጎልማሶቹ በዚያ ዝናብ ጣሪያው ላይ ወጥተው ሸራውን ወጠሩት። ከገበያ ሲመለሱ ዝናብ የያዛቸው ሌሎች ሴቶችም ቆሞ ያዩት አውቶቡስ ነውና ለመጠለል ገቡ። መደቡ ግራና ቀኝ ሞላ።

እንግዳ ቤት ገብቶ ዝም አይባልም። እትዬ ዘሃራ ጓዛቸውን ከጭናቸው አወረዱ። ፈቱት። ቡታጋዙን ለኮሱ፣ ሻይ ጣዱ፣ ቂጣ ቆረሱ። ሸራ ያስመጡት ሴትዮ ዙሪያውን አይተው፣ «እንዴት ያለ ሸጋ ቤት ነው ያለሽ እቴ!» አሉ።

እትዬ ዘሃራ ሻዩን እየቀዱ፣ «ገና ነው፣ ጣሪያው አላለቀልኝም» ብለው መለሱ።

ጋሽ ሙሄ ረጥበው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰምተዋል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ሴቶቹ ጨዋታ ያዙ፤ ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ዘሃራ አክስት እዚያው ቀበሌ ተድራ እንደነበር ተገኘና ዝምድና ተቆጠረ። ዝናቡ ሲያባራ ተመራርቀው ወረዱ። ጋሽ ሙሄ ያን ጊዜ ቀረብ ብለው፣ «በይ ዘሃራ፣ ቃሌ ቃል ነው። ላዙረው?» አሉ።

«ወዴት ነው የምታዞረው? ወልድያ መች ደረስን?» አሏቸው። አንቱታው ቀርቷል።

ወልድያ በያጅ ላሜራውን ዘጋልን። ምሰሶውን እኔ ራሴ አወረድኩት፤ አናቱን ቀነስኩና በከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠቅልዬ እንደገና አቆምኩት፤ አሁን ሲሄድ አብሮ ይወዛወዛል። ልናዘዝ ስል ጋሽ ሙሄ አላስጨረሱኝም። «አብሽር ጌታቸው፣ ጣሪያ ይጠገናል። ቤትም ሰውም ሲንቀሳቀስ ቦታ ይፈልጋል፤ ይህን ብቻ ያዝልኝ» አሉ። ሽብልቁን ከዚያ በኋላ አንሥተውብኝ አያውቁም።

የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ያ ቤት ከዚያ ወዲህ አንድ ሰፈር ከሳምንት በላይ ሰንብቶ አያውቅም። ጋሽ ሙሄ በሐብሩ ቆላ እየዞሩ የገበሬውን የውሃ ሞተር ያድሳሉ። እጃቸውን ታጥበው ሊሄዱ ሲሉ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም መደቡ ላይ ተቆልሎ ያገኙታል፤ እሱንም በሚቀጥለው መንደር ያከፋፍሉታል። እጁን ያነሣ መንገደኛ ሁሉ ይገባል። አንድ ጊዜ ወልድያ መግቢያ ላይ ትራፊክ አስቁሟቸው፣ «አባባ፣ ያለ ፈቃድ ስንት ሰው ነው የጫኑት?» ቢላቸው፣ «አንድም አልጫንኩም። እንግዶቼ ናቸው፣ ግባና ሻይ ጠጣ» አሉት። ገባ። አፉን እየጠረገ ወጥቶ መንገዱን አስለቀቀላቸው።

ምጥ የያዛት ሴት ከውርጌሳ ወደ ወልድያ ሆስፒታል የወሰዱ ዕለት ደግሞ እንዳትንገላታ ብለው በጣም ከማዝገማቸው የተነሣ፣ እትዬ ዘሃራ ከኋላ የሴቲቱን እጅ ይዘው፣ «ኧረ ሙሄ፣ ልጁ አድጎ ይወርዳል! ንዳው!» ብለው እንደጮሁ ይነገራል። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ለቅሶው ላይ መጥተው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሰው ይዤ ውርጌሳ ስደርስ አንድ የማላውቀው የጭነት መኪና ሹፌር የራሱን መኪና ጥግ አስይዞ በጋሽ ሙሄ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። መንገድ ላይ ሻይ ያጠጡት ሰው ነው። እስከ መርሳ በቤታቸው ውስጥ፣ በአልጋቸው ላይ እንዳሉ እሱ ነድቶ አመጣቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቀበርናቸው። ከቀብር ስንመለስ መንገዱ ዳርና ዳር በቆሙ መኪናዎች ተሞልቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከእትዬ ዘሃራ ጋር ለብቻችን ሆንን። እኔም ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩትን ነገር ተናገርኩ። ሽብልቁን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሙሄ አልሮጡም አልኳቸው።

«አውቅ ነበር» አሉ።

«ማን ነገረዎ?»

«ማን ይነግረኛል? ሙሄ ጉድጓድ ላይ ሮጦ ያውቃል? እየዋሸ እንደሆነ ገና አፉን ሲከፍት ነው ያወቅሁት። አየህ ጌታቸው፣ ልመለስ ቆርጬ ነበር። ለአናጢ ብሎ ስሙን የጣለ ሰው እኔን መንገድ ላይ አይጥለኝም አልኩ። የቀረሁት ለዚያ ነው።»

አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ።

እንግዲህ ጋሽ ሙሄ፣ ሥራዎን ጨርሰዋል፤ የቀረውን እንዲሰሙት ልንገርዎ። ወንድማቸው እትዬ ዘሃራን ከአውቶቡሱ ወርደው አብረውት እንዲኖሩ ለመናቸው። ሽማግሌም ገብቶ ለመነ። እኔም፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ከለማኞቹ አንዱ ነበርኩ። አልወረዱም። የእህታቸው ልጅ የአይሱዙ ሹፌር አይደል? ጠርተው መሪውን ሰጥተውታል። የፊታችን ቅዳሜ ወደ ቆቦ ይነሣሉ፤ ሁለት ሞተር ሳይጠገን ቀርቷል፣ ጠጋኝ ይዤ እመጣለሁ ብለው ልከዋል። አላህ ይዘንልዎ፣ ጀነትን ይስጥዎ፤ እኔም በቤተ ክርስቲያኔ ደጅ ስምዎን አነሣለሁ። ሠላሳ ዓመት ቤት ቁጭ ብለው የጠበቁዎት እትዬ ዘሃራ ናቸው። አሁን ተራው የአንቱ ነው ጋሽ ሙሄ። ይጠብቋቸው፤ እሳቸው መንገድ ላይ ናቸው።